ትጋት የመሰለኝ ፍርሃት

ከአገሬ የወጣሁት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ሌሊት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ በጨለማ የሚሄድ ሰው የሚተወውን አያይም። እኔ ግን ሁሉንም አየሁት። አይሱዙው ባቄላ ጭኗል፣ እኛ ደግሞ ከባቄላው ጆንያ ላይ ተጭነናል፣ እናቴ ከታች ቆማ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ሽቅብ ታየኛለች።

«እማዬ፣ አሁንም ቦታ አለ፣ ነይ ውጪ» አልኳት።

«ቤቱንስ ማን ይጠብቃል?» አለችኝ።

ቤቱ ምን አለው ብትሉኝ አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥንና የኔ የስፌት መኪና። የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነበርኩ፤ ለገና ለፋሲካ ቀሚስ የምታሰፋ ሁሉ ወደኔ ነበር የምትመጣው። ተኩሱ ከወንዙ ማዶ መሰማት ከጀመረ ወዲህ ግን ቀሚስ የሚያምረው ሰው ጠፋ። መኪናው ሊነሳ ሲል እናቴ እጇን ዘርግታ እግሬን ያዘችና፣ «የሰው አገር ነው የምትሄጅው፤ የታዘዝሽውን ሁሉ እሺ በይ። እሺ ይበልጣል ከሺህ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

አዳማን የመረጥኩት አውቄው አይደለም። አንዲት የጎረቤት ልጅ እዚያ ሆቴል ትሠራለች ተብሎ ስልኳን ሰጥተውኝ ነበር። «አዳማ ግቢ፣ እዚያ ከየት መጣሽ የሚልሽ የለም» ያለችኝም እሷው ናት። ስደርስ ስልኳ ተዘግቷል። ይህን እስከምጽፍላችሁ ድረስ እንደተዘጋ ነው።

የወረድኩት በቀትር፣ ሹራብና ፎጣ እንደለበስኩ ነው። ሙቀቱ ገና ከመኪናው ሳልወርድ ፊቴን ያዘው። እኛ አገር ነፋስ ሲመጣ ብርድ ይዞ ይመጣል፣ ሰው በሩን ዘግቶ እሳት ይጠጋል፤ የአዳማ ነፋስ አዋራ ነው የሚያመጣው፣ በሩን ብትዘጉት በቀዳዳ ይገባል፣ ጥርሳችሁ መሀል ይንኮሻኮሻል። ባጃጅ ተራው ላይ ግራ ገብቶኝ ቆሜ ሳለሁ አንዱ ሹፌር፣ «እህት፣ እባክሽ ሹራቡን አውልቂው፣ አንቺን እያየሁ እኔ ላብ በላብ ሆንኩ» አለኝ። አዳማ የገባሁት በዚህ ሰላምታ ነው።

ደግሞ ቲማቲሙ! እኛ በቁጥር፣ እየመረጥን፣ ለወጥ ማጣፈጫ የምንገዛው ቲማቲም ከመቂ በመኪና እየመጣ መንገድ ላይ ይዘረገፋል፣ የበሰለውን ሰው ይረግጠዋል። መጀመሪያ ሰሞን ሲረገጥ ሳይ ጎንበስ ብዬ ላነሳ ይቃጣኝ ነበር። ሰላምታቸውም እንደኛ አይደለም። እኛ የቤተሰቡን፣ የከብቱን፣ የአዝመራውን ደህንነት ተራ በተራ ጠይቀን ነው ወደ ወሬ የምንገባው። እዚህ «አካም?» ይሉሻል፣ «ፈያ» ትያለሽ፣ አለቀ። ሰዉ ጨካኝ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ያው «አካም» ብሎ ያለፈ ሰው ሲመሽ እራት ይዞ በርሽን ያንኳኳል።

ቤት ያከራዩኝ እትዬ ሙላቷ የሚባሉ ሴትዮ ናቸው። ክፍሏ ቆርቆሮ ናት፣ ቀን ከሙቀቱ የተነሣ የሚገባባት የለም።

«በሩ ሁለት ሰዓት ይቆለፋል» አሉኝ። «እንግዳ አይመጣም። ካውያ አይሰካም። ልብስ ማጠብ በጭራሽ። ውሃ የለም። ሥራሽ ምንድነው?»

«እስካሁን የለኝም፣ ሆቴል ልብስ አጣቢ ይፈልጋሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ማጠብ አይቻልም አልኩሽ እኮ!»

«እዚያ ሆቴሉ ውስጥ ነው እትዬ።»

«እሱስ ደህና» አሉና ትንሽ አስበው፣ «ታዲያ ሥራው ከተገኘ የኔንም አንሶላ ይዘሽልኝ ትሄጃለሽ?» አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

መታወቂያዬ አዳማ በገባሁ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ጊዜው አለፈበት። ቀበሌ ሄድኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ልጅ ደህና ልጅ ነው፣ አልተቆጣኝም፣ ፈገግ ብሎ ነው ያናገረኝ።

«መልቀቂያ ካገርሽ ታመጫለሽ።»

«ያገሬ ቀበሌ ተዘግቷል።»

«እንግዲያው ተዘግቷል የሚል ደብዳቤ አምጪ።»

«ከማን?»

«ከቀበሌው ነዋ።»

ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ከኋላዬ ያለውን ሰው ጠራ።

እንግዲህ ያለሁበትን ልንገራችሁ። ወደ ኋላ መንገዱ ተዘግቷል፣ ስልኩም ጠፍቷል፣ እናቴ ትኑር አትኑር አላውቅም። ወደ ፊት ልሂድ ብል በየኬላው መታወቂያ ይጠየቃል። ማታ የእትዬ ሙላቷ በር ይቆለፋል። ቀን ደግሞ ሥራ አገኘሁ፣ እሱም ምድር ቤት ነው፤ የአንድ ትልቅ ሆቴል ላውንደሪ፣ መስኮት የለውም፣ ቀኑ መምሸቱን የምታውቂው በሰዓት ብቻ ነው። የቀጠረኝ ማናጀሩ አቶ ተስፉ ናቸው። «መታወቂያሽ ጊዜው አልፏል? ችግር የለም» ሲሉኝ እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ችግሩ እሱ «ችግር የለም» መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ዕረፍት ስጠይቅ፣ «መታወቂያ ይዘሽ ነይና እንነጋገራለን» ይሉኛል። አሞኛል ስል፣ «መታወቂያ ለሌለው ሰው ሕመም ፈቃድ በምን ስም ልጻፍ?» ይላሉ። በቀልድ ነው የሚሉት።

ምድር ቤቱ ውስጥ ከኔ ቀድመው የነበሩት አዴ ዘይነባ ናቸው። አዴ ማለት እኛ እትዬ እንደምንለው ነው። የሁሩታ ሰው ናቸው፣ በአሰላ መንገድ ያለች የስንዴ አገር ናት፤ ዕድሜያቸው የእናቴን ያህላል፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ አዳማ ገብተው ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ ሥራ ነው። አሠራራቸውን ላውራላችሁ። እያንዳንዱን አንሶላ ማሽን ውስጥ ከመክተታቸው በፊት አምፖሉ ሥር ይዘረጉታል፣ ነጠብጣብ ካዩ በሳሙና በእጃቸው ያሹታል። የትራሱን ልብስ ገልብጠው የስፌቱን ጥግ በጣታቸው ያራግፋሉ፣ እዚያ የሰው ፀጉር ይጠራቀማል። ማንም የማያየው ቦታ ነው። እኔ ስፌት አውቃለሁና ጥግ የሚያይ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ሽርጣቸውን ፈትተው ይሰቅላሉ፣ ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ይወጣሉ። አቶ ተስፉ ከደረጃው ላይ፣ «ዘይነባ፣ ይህቺን ብቻ!» ቢሉ፣ «ነገ፣ ረቢ ካለ» ብለው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። «ይህቺን ብቻ» የምትለዋ ወደኔ ትመጣለች። እኔ እሺ እላለሁ። የማናጀሩን ቤት ምንጣፍ አጠብኩ። የልጆቻቸውን ዩኒፎርም አጠብኩ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቼ በዚያው ወደ ምድር ቤቱ እወርዳለሁ። የእትዬ ሙላቷም አንሶላ አለ። በረኪናው እጄን ሰነጣጥቆት እንጀራ ስቆርስ ወጡ ያቃጥለኛል። ታዲያ በልቤ ምን እል እንደነበር ታውቃላችሁ? ትጉ ነኝ እል ነበር። አዴ ዘይነባ ሰዓት አክባሪ እንጂ ትጉ አይደሉም፣ እኔ ነኝ ትጉ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ጭኮ ይዘው መጡ። ጭኮ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት ነው፣ የኛን በሶ ነው የሚመስለው፤ ግን ቅቤው ሲበዛ በሶው ቁምነገሩን ረስቶ ድግስ የሆነ ይመስላል። ስበላ እንባዬ መጣ። እሳቸው እጄን አዩና፣

«አንቺ ልጅ፣ ሶዳ ነው የሚያሠራሽ» አሉኝ።

እጄን አገላብጬ አየሁ። «ኧረ ሶዳ አልነካሁም፣ በረኪናው ነው» አልኩ።

ሳቃቸው ምድር ቤቱን ሞላው። «የልብስ ሶዳ አይደለም። በኛ አፍ ሶዳ ፍርሃት ነው። ሆጂን ሆጂዳ፣ ሶዳን ሶዳዳ። ሥራ ሥራ ነው፣ ፍርሃት ፍርሃት ነው። አንቺ ሁለቱን አንድ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፈሻቸዋል።»

ተቀየምኳቸው። «እርስዎ መታወቂያ አለዎት» አልኳቸው።

«እውነት ነው» አሉ። ጭኮውን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ።

ነገሩ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ የከተማው ውሃ በጠፋ ሰሞን ነው። ሆቴሉ ትልቅ ስብሰባ ተቀብሏል፣ የመጀመሪያዎቹ እንግዶች በጠዋት ወጥተዋል፣ ማታ ሌሎች በአውቶቡስ ይገባሉ። ማሽኖቹ ያለ ውሃ ቆመዋል፣ የተገፈፈው አንሶላ እስከ ወገባችን ተከምሯል። አቶ ተስፉ የሽቶ መርጫ ይዘው ወረዱ።

«የከፋውን ለዩት፣ የቀረውን ይህን እየረጫችሁ ተኩሳችሁ አንጥፉት። አንድ ሌሊት የተኛበት ሰው ምን ያደርገዋል? ንጹሕ ነው።»

እኔ እሺ ብዬ ካውያውን አነሳሁ። እውነቴን ነው፣ እጄ ቀድሞኝ ነው ያነሳው። አዴ ዘይነባ አንሶላው ላይ መዳፋቸውን አሳረፉ።

«ይኼ አይተኮስም አቶ ተስፉ።»

«ለምን አይተኮስም?»

«አልታጠበማ። የሰው ላብ ላይ ሌላ ሰው አላስተኛም። ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ ውስጥ ውሃ አለ፣ ይፈቀድልንና በእጃችን የቻልነውን እናጥባለን። ለቀረው ክፍል እንግዶች እውነቱን ይንገሯቸው።»

«ልንገራቸው? ሆቴሉን ዝጋው በይኛ! አንቺስ?» ብለው ወደኔ ዞሩ። «አንቺም አትተኩሽም?»

አንሶላው ፊቴ ነው፤ የማላውቀው ሰው የተኛበት መጨማደድ አለው፣ ይሸታል። የሽቶው ሽታ ሲጨመርበት ደግሞ ባሰ። ካውያውን አስቀመጥኩት። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፣ የአዴ ዘይነባ መዳፍ አንሶላው ላይ ስለነበረ እንዳላቃጥላቸው ብዬም ነው። ብቻ አስቀመጥኩት፣ መልሼም አላነሳሁትም።

አቶ ተስፉ ተሳድበው ሮቶውን ፈቀዱ። እንደዚያ ቀን የሠራሁበት ቀን የለም። ሁለታችን ጓሮ ወጥተን በሳፋ እያጠብን፣ እየጠመዘዝን፣ እያሰጣን ዋልን። አዴ ዘይነባ በዚያ ሁሉ ጥድፊያ ውስጥ እንኳ የትራሱን ጥግ ያራግፋሉ። ያ የረገምኩት ነፋስ አንሶላውን እንደ ሸራ እየነፋ ቶሎ ቶሎ ያደርቅልናል፤ አዋራው እንዳይነሳ መሬቱን በእጣቢው እያረሰረስን። ስንሠራ ያወራሉ፣ ያስቁኛል፣ የሁሩታን የስንዴ አጨዳ ይነግሩኛል። ድካም አልተሰማኝም አልልም፣ ወገቤ ተቆርጦ ነበር። ግን ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን እየሠራሁ እንደሆነ ተሰማኝ። ሰው እያስደሰትኩ አልነበረም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አብዛኛው ክፍል ተነጥፏል፣ የሮቶው ውሃ አልቋል፣ ጥቂት ክፍል ቀርቷል። አዴ ዘይነባ ሽርጣቸውን ፈቱ። እኔንም አዩኝ። የኔንም ፈታሁ።

የውጭው በር ላይ ስንደርስ ዘበኛው ጋሽ ደበላ ዓይናቸውን ከኛ አሸሹ። «ልጆቼ፣ ሥራው ሳያልቅ እንዳትከፍትላቸው ተብያለሁ» አሉ።

«ውሃው አልቋል እኮ ጋሽ ደበላ» አልኩ።

«እኔ ምን ላድርግ። ታዝዤ ነው።»

ከኋላችን አቶ ተስፉ በረንዳው ላይ ቆመዋል። «የቀረውን ተኩሱና በሩ ይከፈታል!» አሉ። የእትዬ ሙላቷ በር ትዝ አለኝ። ሰዓቱ ካለፈ ውጭ ማደሬ ነው። እዚህ አልወጣም፣ እዚያ አልገባም። «አዴ፣ ጥቂት ክፍል ብቻ ነው እኮ የቀረው፣ ልተኩሰውና እንሂድ» አልኳቸው፣ እያለቀስኩ።

«ከፈለግሽ ሂጂ ልጄ። አልቀየምሽም» አሉኝ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ከበሩ አጠገብ ያለው ደረጃ ላይ ሄደው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ነጠላቸውን አንጥፈው መስገድ ጀመሩ። እኔ መሀል ግቢው ላይ፣ በእሳቸውና በምድር ቤቱ ደረጃ መካከል ቆሜ ቀረሁ። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም። ስግደታቸውን ሲጨርሱ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር።

ሲጨላልም የእንግዶቹ አውቶቡስ መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። አቶ ተስፉ በረንዳው ላይ እጃቸውን አወዛወዙ፣ ክፈት ይሁን አትክፈት አልገባኝም፤ ጋሽ ደበላ ግን ሁለቱንም መዝጊያ እስከ ጥግ ድረስ ወለል አድርገው ከፈቱት። ከዚያም ጀርባቸውን ለኛ ሰጥተው አውቶቡሱን ያስገባሉ። አዴ ዘይነባ እጄን ያዙ። «ኮቱ» አሉኝ። ነይ ማለት ነው። በአውቶቡሱና በግንቡ መሀል ወጣን። ከመስኮቱ አንዲት ሴትዮ በእጇ ሰላም አለችን፣ አስተናጋጆች መስለናት ይሆናል።

ያን ማታ የእትዬ ሙላቷ በር ሳይቆለፍ ደረስኩ። በማግስቱ ግን አቶ ተስፉ አዴ ዘይነባን አሰናበቷቸው። እኔን አላሰናበቱኝም። «አንቺ የት ትሄጃለሽ?» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። በውነትም የት እሄዳለሁ? አዴ ዘይነባ ወደ ወንድማቸው፣ ወደ ሁሩታ ሊሄዱ ሆነ። አዝመራው ደርሷል፣ ሰው ይፈለጋል። ሲሰናበቱኝ አቅፈውኝ፣ «ነይና ጠይቂኝ፣ ቅርብ ነው» አሉኝ። ሚኒባስ ውስጥ ሆነው እጃቸውን ሲያወዛውዙ፣ ምክር ይሰጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «ፀሐይ ላይ አትቁሚ» ብቻ አሉኝ።

አሁን ምድር ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። አንሶላውን አምፖሉ ሥር እዘረጋለሁ። የትራሱን ጥግ አራግፋለሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እወጣለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወደ ኋላዬ እያየሁ ነበር የምወጣው፣ አሁንም አንዳንዴ ዞሬ አያለሁ። የእትዬ ሙላቷን አንሶላ መልሼ ሰጠኋቸው፤ ለሳምንት አላናገሩኝም፣ ኋላ ራሳቸው «አካም» አሉኝ። ውሃ በድጋሚ ሲጠፋ አቶ ተስፉ ወርደው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ለቀበሌው የሥራ ደብዳቤ ልጽፍልሽ እችላለሁ፣ መታወቂያውን ያፋጥኑልሻል። ብቻ እንግባባ» አሉኝ። ካውያውና ሽቶው ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ግን አልተኮስኩም። ደብዳቤውም አልተጻፈም። ልክ ሠርቻለሁ ወይ? መታወቂያ በተጠየቅሁ ቁጥር ይህን ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ መልሱ እንደ ቀኑ ይለያያል። እንደኔ የተሰደዳችሁ፣ እናንተ የምታውቁት ካለ ንገሩኝ።

የአገሬ ስልክ የተከፈተው አንድ ቅዳሜ ነው። ጓሮ አንሶላ እያሰጣሁ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው፣ የጎረቤት ስልክ ነው መሰለኝ።

«አለሽ?» አለች እናቴ።

«አለሁ። አንቺስ አለሽ?»

«አለሁ።» ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፣ ብዙው የስልክ ሒሳብ በለቅሶ አለቀብን። ቤቱ ደህና ነው። መንገዱ ገና ነው። እሷ እንደሁ ውጪ ብትባልም አትወጣም።

«ዘመድ አገኘሽ?» አለችኝ።

«አገኘሁ።»

«እሰይ! የማን ልጅ ናት?»

የማን ልጅ እንደሆኑ አልጠየቅኳቸውም። «አዴ ዘይነባ ይባላሉ። የሁሩታ ሰው ናቸው» አልኳት።

«ሁሩታ የት ነው? ሩቅ ነው?»

«ኧረ ቅርብ ነው። ከዚህ በሚኒባስ ይደረሳል።»

«ታዲያ እየሄድሽ ጠይቂያት እንጂ ልጄ፣ ዘመድ እኮ በመጠየቅ ነው።»

በአሰላ መንገድ ላይ ኬላ አለ። ሚኒባሱ ሲቆም ሁሉም መታወቂያውን ያወጣል። ይህን ለእናቴ እንዴት እንደማስረዳት ጠፋኝ።

«እሺ በይኝ እንጂ» አለች።

ነፋሱ አንሶላዎቹን አነሳቸውና ድምፁ ስልኩ ውስጥ ገባ። «ምንድነው የሚንኳኳው?» አለች። ነፋስ ነው አልኳት፣ እዚህ አገር ነፋስ አለ። ስለ ነፋሱ ነገርኳት። ስለ ሙቀቱ ነገርኳት። ሰው ስለሚረግጠው ቲማቲም ስነግራት፣ ውሸትሽን ነው ብላ ሳቀች፤ ሒሳቡ እስኪያልቅ ድረስ ስለ ቲማቲም አወራን።